ሸኚው መላኩ

ሞት ቤታችን የመጣው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጃንጥላ ይዞ ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ ጃንጥላውን አራገፈና «ከሽኝት መምሪያ ነው የመጣሁት። የወይዘሮ ሳምራዊት ቤት ይህ ነው?» አለ። እናቴ ከሶፋዋ ሳትነሳ «ጭቃህን ይዘህ እንዳትገባ፤ ጫማህን አውልቅ!» አለችው። አወለቀ። የግራ እግሩ ካልሲ ተረከዙ ላይ ተጥፎ ነበር። ማን እንደጣፈለት ጠይቄው አላውቅም። በዚያ ቀን ግን ትንሽ ያረጋጋኝ ነገር ቢኖር ያ ካልሲ ነው።

ሐኪሞች ከእንግዲህ የምናደርገው የለም ያሉት ሰው ሁሉ ሸኚ ይላክለታል። እኔ ተማሪ ሳለሁ የተጀመረ ነገር ነው፤ አሁን ማንም አይደነቅበትም። የመጀመሪያዎቹ ሸኚዎች ፊት አልነበራቸውም፤ ሰው ጠላቸው። አንዳንዱ በሽተኛ ገና ሲያያቸው ከአልጋው ተነስቶ በጓሮ በር ሮጠ ይባላል። መምሪያው መልክ ማስመረጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የወረደ የሚመስል፣ ሰይፍ የመዘዘ ክንፋም አለ። ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ሲገባ ቤቱን ሽቱ ሽቱ የሚያሰኝም አለ። የፈረንጅ ፊልም ያበዙ ሰዎች የሚመርጡት ማጭድ የያዘ አጥንትም አይጠፋም። ከእኛ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ጎረቤታችን ክንፋሙን መርጠው፣ ክንፉ በበሩ አልገባ ብሎ በረንዳ ላይ ዝናብ ሲመታው ከረመ። ሰውየው ያረፉት በመስኮት በኩል እያወሩት ነው።

እናቴ መምሪያው የላከላትን ሥዕሎች አንድ በአንድ አየችና «ሰው የሚመስል የላችሁም?» አለች። በመጨረሻ የመረጠችው ቡናማ ሹራብ የለበሰ፣ ጆሮዎቹ ሰፋፊ የሆኑ፣ ጎልማሳ ሰውዬ ነው። «እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ክፉ አይሆንም» አለች። ስሙንም ያወጣችለት እሷ ናት። «ቀኑን ሙሉ መልአከ ሞት፣ መልአከ ሞት ስልህ ልዋል እንዴ? መላኩ ይበቃሃል» አለችው። እሱም ለመምሪያው «ስሜ መላኩ ተብሏል» ብሎ አሳወቀ።

እናቴ በወጣትነቷ ትራፊክ ፖሊስ ነበረች። መኪና ራሱን መንዳት ከጀመረ ወዲህ ሥራው ቀርቷል፤ እሷ ግን የቀረ አይመስላትም። መላኩ ከመጣ በኋላ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ክንዱን ይዛ ወደ ደሴ ፒያሳ ትወርዳለች። አደባባዩ ጋ ትቆምና እጇን ታነሳለች። መኪኖቹ ሰው ከፊታቸው ሲቆም መቆም ግዴታቸው ስለሆነ ይቆማሉ። ደስ እስኪላት አቁማቸው ትቆይና በሌላኛው እጇ ታሳልፋቸዋለች። መላኩ ከጎኗ ጃንጥላ ይይዝላታል። መኪናው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሹራቡን ሲያዩ ሸኚ መሆኑ ይገባቸዋል መሰለኝ፣ ማንም አያጉረመርምም።

ምግብ ሲቀርብ ለእሱም ሰሃን ይቀርባል። እንደማይበላ ብነግራትም «እንግዳ ጦሙን አስቀምጬ እኔ ልበላ?» ትለኛለች። «አንድ ጊዜ እንኳ ቁረስ» ትለዋለች። እሱም ትንሽ ይቆርስና መዳፉ ውስጥ ይዞ ይቀመጣል። ማዕዱ ሲነሳ ለድመቷ ይሰጣታል። ድመቷ ወፍራለች።

ሁለት ነገር አለ። ሸኚ አይዋሽም። ደግሞም በሽተኛው የሚሞትበትን ቀን ያውቃል፤ ልስማ ያለ ዕለት ይነግረዋል። መላኩ በየማለዳው አልጋዋ አጠገብ ወንበር ይስብና «ወይዘሮ ሳምራዊት፣ ዛሬ እንነጋገር?» ይላታል። እሷም «ስለ ምን? ስለ ካልሲህ?» ትልና ሽንኩርት እንዲልጥ ትልከዋለች። እኔም እሰይ እላለሁ። ቀኑን እንድትሰማው አልፈልግም ነበር፤ እኔም ብሆን መስማት አልፈልግም።

የመጣ ዕለት ምሽት ኩሽና ውስጥ ዕቃ እያደረቀ ሳለ ግን ያላሰብኩትን ነገረኝ።

«ለአንድ ቤተሰብ የሚመደበው አንድ ሸኚ ነው» አለኝ። «የቤቱን ጠባይ ያወቀ ይሻላል ተብሎ ነው። አዳማ አክስትሽ ዘንድ ነበርኩ። ያን ጊዜ ወፈር ያልኩ ነርስ ነበርኩ፤ የመረጡት እሳቸው ናቸው። ጥሩ ሽኝት ነበር።»

በሩን ዘጋሁት። «እናቴ አታውቅም» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«አክስቴ መሞቷን።»

እጁ ላይ ያለውን ሰሃን አስቀመጠ። መላኩ ሲደነግጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ መደንገጥ ይችል እንደሆነም አላውቅም። «ከፋሲካ በኋላ ነው እኮ ያረፉት» አለ።

አዎ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። አክስቴ መክሊት የእናቴ ታላቅ ናት፤ ሌላ እህትም ወንድምም የላቸውም። መርዶው ሲደርሰን እናቴ ሆስፒታል ነበረች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደምሰው «የእማዬ ልብ አይችለውም፣ እስክትድን እንቆይ» አለ። እኔም እሺ አልኩ፤ ጎረቤቱም እሺ አለ። እንደማትድን ስናውቅ ደግሞ ለመንገር ጊዜው ያለፈ መሰለን። ደምሰው በዚህ አላበቃም። የሞተን ሰው ድምፅ በማሽን የሚያስቀጥሉ ሰዎች ዘንድ ሄዶ አክስቴን አስቀጠላት። ከዚያ ወዲህ መክሊት በየእሁዱ ከቅዳሴ በኋላ ትደውላለች።

«ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ» አለ መላኩ።

«አትጠይቅህም። በየሳምንቱ እያወራቻት ለምን ትጠይቅሃለች?»

እሱም ዕቃውን ማድረቅ ቀጠለ።

ሰፈሩ መላኩን ለመልመድ ጊዜ አልፈጀበትም። የእናቴ የልጅነት ጓደኛዋ እማማ ኢክራም ከአጥር ማዶ ናቸው፤ በቀን ሦስቴ ብቅ ይላሉ። ጋሽ ናትናኤል ደግሞ ጡረተኛ ናቸው፤ በልጅነታቸው ዲቁና ነበራቸው፣ አሁን የዕድሩ ዳኛ ናቸው። እናቴ እስከ ዛሬ ናቲ ነው የምትላቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ሳሎን ተቀምጠው መላኩን ፊት ለፊት አስቀምጠው ይከራከሩበት ጀመር።

«መለከል መውት ለደግ ሰው አምሮ ነው የሚመጣው» አሉ እማማ ኢክራም። «ለክፉ ሰው ደግሞ ወላሂ አያድርስ ነው። ይኼ እንግዲህ ለየትኛዋ ሳምሪ ነው የመጣው? ለደጓ ነው ለክፉዋ?»

«ጆሮውን አይተሽ ፍረጂ» አለች እናቴ።

«ሰይፍ አለው እንጂ» አሉ ጋሽ ናትናኤል። «ልጅ ሆኜ ግድግዳው ላይ አይቼዋለሁ። ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።»

«ሠዓሊው አይቶታል?»

«አንቺ ደግሞ! እሱን ራሱን አንጠይቀውም?»

መላኩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አሰበ። «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» አላቸው። «የምትሏቸውን አግኝቻቸው አላውቅም። ግን ሥራዬን ስጨርስ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የገባ የሚመስለኝ ጊዜ አለ። ዞር ስል የለም። ወንበር የምለቅበት ጊዜም አለ፤ ለምን እንደምለቅ አላውቅም።»

«አስተግፊሩላህ» አሉ እማማ ኢክራም ቀስ ብለው። እናቴ ብቻ «ወንበር መልቀቅህ ጥሩ ነው፤ ያሳደገህ ሰው ይባረክ» አለችውና ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ።

ችግሩ የመጣው ከእሁዱ ስልክ ነው።

አክስቴ መክሊት በሕይወት ሳለች ፀሐይ ወጣች ቢሏት ገና ነው የምትል ሴት ነበረች። ከእናቴ ጋር ሲያወሩ የማያውቃቸው ሰው የተጣሉ ይመስለዋል። ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ ዘግታ፣ ተመልሳ ደውላ፣ ካቆመችበት የምትቀጥልበት ጊዜ ነበር። ደምሰው ያስቀጠላት መክሊት ግን ሰው አታስከፋም። እንደዚያ ተደርጋ ነው የተሠራችው።

አንድ እሁድ እናቴ ስልኩን ዘግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጠራችኝ።

«አስካለ፣ እህቴን መኪን ምን አድርጌያት ነው?»

«ምን ሆነች?»

«እሺ ትለኛለች። ምንም ነገር ብላት እሺ ነው። ዛሬ ሆን ብዬ የአባታችንን ቤት በር አነሳሁባት። አረንጓዴ ነበር አይደል አልኳት። አዎ አረንጓዴ ነበር አለችኝ! ዕድሜ ልኳን ሰማያዊ ነው ብላ ስትሞግተኝ የኖረች ሴት!»

«ምናልባት ትዝ ብሏት ይሆናል።»

«መኪ ናት ተሳስቼ ነበር የምትል? ተቀይማኛለች ልጄ። ሰው ካልተቀየመ እህቱን እንዲህ በትህትና አያናግርም። እንደ ባዳ ነው ያደረገችኝ።» «ታምሜ ሳለሁ አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም። እኔም አመሏ ነው ብዬ ተውኩት። ለካ ከልቧ ነው። ሞቴ እንዲህ ደጄ ተቀምጦ ሽንኩርት እየላጠልኝ፣ እህቴን አስቀይሜ ልሂድ?»

ሽንኩርት የሚልጠው ሰው ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ዓይኔን ሰበርኩ።

በማግስቱ እናቴ ውሳኔዋን አሳወቀች። ለእህቷ ሽማግሌ ልትልክ ነው። ጋሽ ናትናኤልንና እማማ ኢክራምን አስጠራችና ምን እንደበደለቻት ባታውቅም ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ ሄደው እንዲያስታርቋት ለመነቻቸው። ሁለቱም እዚያው ተቀምጠው ጨርቃቸውን ሲያፍተለትሉ አየሁ። መክሊት መሞቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ናትናኤል «መንገዱ ዝናብ ነው» አሉ። እማማ ኢክራም ጉልበታቸውን አሻሹ። እናቴ ማመካኛቸውን ሁሉ ሰማችና «ሦስተኛው ሽማግሌ መላኩ ነው» አለች። «መኪ ጠንካራ ናት፣ ሽማግሌ ትመልሳለች። ሞትን ግን ማን ይመልሳል? ሂድና አስታርቀኝ ልጄ።»

መላኩ «እዚያ ቤት የማደርገውን ቤተሰቡ ይንገረኝ» አላት። ውሸት አልነበረም። እኔን ተከትሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

ዝናቡ ቆሞ ነበር። ጦሳ ተራራ ግማሹ በጉም ተሸፍኗል። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሹራቡ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል፤ እናቴ በግድ አስወልቃ ያጠበችለት ነው።

«ሽማግሌ ለሞተ ሰው ይላካል?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

«አይላክም።»

«ታዲያ ወዴት ነው የምሄደው?»

«መላኩ፣ እባክህ፣ መንገድ ተዘጋ በላት። ታማለች በላት። አንድ ነገር ፈጥረህ በላት።»

«መዋሸት አልችልም» አለ። «መዘግየት ግን እችላለሁ። እስካሁንም የዘገየሁት ላንቺ ብዬ ነው። አሁን ግን ስሜን ጠርተው ላኩኝ። ነገ መቼ ትሄዳለህ ይሉኛል፤ ከነገ ወዲያ ምን አለችህ ይሉኛል።»

«ብንነግራት ምን ትሆናለች?»

«ልባቸው ደክሟል። ለቅሶ ደግሞ ይከብዳል። ቀኑ ይቀርባል።»

«እና ካልነገርናት?»

«ራቅ ይላል። እንዲህ እንደሆኑ ነው የሚቆዩት ግን።» በክፍቱ መስኮት ወደ ውስጥ አመለከተ። እናቴ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች። «ሌላም ነገር አለ» አለኝ። «ወይዘሮ መክሊት ሲሸኙ ለእህታቸው ቃል ሰጥተውኛል። ለእሳቸው ካልሆነ ለማንም አልናገረውም። መሞታቸውን ካላወቁ ደግሞ እንዴት ብዬ እሰጣቸዋለሁ?»

ተናደድኩበት። አሁን ሳስበው ያናደደኝ እሱ አልነበረም። ያን ጊዜ ግን «አንተ ምን አለብህ! ትሸኝና ትሄዳለህ። ከእሷ የሚቀነሰው ቀን የኔ ነው!» አልኩት። ሹራቡን ከገመዱ አውርዶ ጨመቀውና መልሶ ሰቀለው።

ሳምንቱን እንደምንም አዘገየነው። መላኩ ለጠየቀችው ሁሉ «ቤተሰቡ ገና ነው» እያለ መለሰ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኩ ጮኸ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

«መኪ» አለች እናቴ። «ሽማግሌ ልልክብሽ ነበር፤ መንገዱ አልሆነም። እኔው ልጠይቅሽ። በድዬሽ ከሆነ ይቅር በይኝ።»

«እሺ የኔ ቆንጆ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አለ ስልኩ፣ በአክስቴ ድምፅ።

«ምን አድርጌሽ እንደሆነ ግን ንገሪኝ።»

«ምንም አይደል። እንኳን አነሳሽው።»

«ስደቢኝ እንግዲያው።»

«እሺ» አለ ስልኩ። ከዚያም ደግነት የሞላበት ዝምታ ሆነ።

እናቴ ስልኩን ዘጋች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እጆቿን አጣጥፋ «ልቧ ጨርሶ ቆርጧል» አለች ለራሷ። እኔም ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እናቴን ከእህቷ የነጠቅኳት እኔ መሆኔ ገባኝ። እህቷን ሞት ወሰዳት፤ ለቅሶዋን ግን የወሰድኩባት እኔ ነኝ። ለምንድን ነው ጥቂት የዕድሜ ቀን የቆጠብኩላት? ለዚህ?

ሳልጫማ በጓሮ በኩል እማማ ኢክራም ዘንድ ሄድኩ። «ሰው ይጥሩልኝ» አልኳቸው። ለማን ብለው አልጠየቁኝም፤ ብድግ ብለው ነጠላቸውን ፈለጉ።

ለመላኩ ወጉን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። መርዶ ለብቻ አይነገርም። ሰውየው ማታ በልቶ እንዲያድር ይደረጋል። ንጋት ላይ፣ ከቤት ሳይወጣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይገባል፤ ከመካከላቸው የሚከበር ሰው ይናገራል። የሚወድቅ ቢኖር የሚደግፍ እንዲኖር ነው፤ የሚያለቅስ ቢኖር አብሮ የሚያለቅስ እንዲኖር ነው። መላኩ በጥሞና ሰማኝ። «እኛ ለቤተሰብ የምንልከው መልእክት በስልክ ነው» አለ። ከዚያ «የናንተው ይሻላል» ብሎ ወደ ኩሽና ሄደና ለእናቴ ራት አቀረበ። ያን ማታ ከሌላው ቀን አብዝቶ ነው ያቀረበላት።

ንጋት ላይ የግቢው በር ተከፈተ። እናቴ ነቅታ ነበር። ጋሽ ናትናኤል፣ እማማ ኢክራም፣ ከላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ያሉት ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ ስታይ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ይህን ወግ ዕድሜዋን ሙሉ ታውቀዋለች፤ እሷም ስንቱ ቤት በንጋት ገብታበታለች።

«ደምሰው ነው?» አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ልጄ ነው?»

«ልጅሽ ደህና ነው» አሉ ጋሽ ናትናኤል። «ሳምሪ፣ መክሊት አርፋለች። ከፋሲካ በኋላ ነው። ልብሽን ፈርተን ደብቀንሽ ነው፤ ጥፋቱ የሁላችንም ነው።»

እናቴ መጀመሪያ ያየችው ስልኩን ነው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ታዲያ እሁድ እሁድ የምትደውለው ማናት?»

«ማንም አይደለችም እማዬ። ድምፅዋ ብቻ ነው። ደምሰውና እኔ ነን።»

ከዚያ ያላሰብነው ነገር ሆነ፤ ፊቷ ፈታ አለ። «አልተቀየመችኝማ!» አለች። «እህቴ አልተቀየመችኝም! ሞታ ነው እንጂ!» አለችና ጮኸች። ተነስታ ቆመች። ደረቷን መታች። እኔ ልይዛት ስሄድ እማማ ኢክራም እጄን ይዘው «ተያት፣ እርሟን ታውጣ» አሉኝ።

አረንጓዴ ነው ስል፣ ሰማያዊ ያልሽኝ፣
ተነሽና ሞግቺኝ፣ እሺ አትበይኝ!

እያለች አለቀሰች። ሴቶቹ ተቀበሏት። የሳሎናችን መስኮት እስኪርገበገብ ተለቀሰ። አዳማ ላይ አፈር ከተመለሰባት ከወራት በኋላ፣ መክሊት ደሴ ላይ ሞተች።

ድካሙ ሲያሸንፋት መላኩ ደግፎ አስቀመጣትና ከፊቷ በርከክ አለ። «ቃል አለኝ» አላት። «ወይዘሮ መክሊትን የሸኘሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ እንባዋን ጠርጋ አየችው። «አንተ ነህ? እጇን ይዘሃት ነበር?»

«ይዣቸው ነበር። እንዲህ ነው ያሉኝ፦ ‹ያቺ ቆጥባ ነው የምታለቅሰው፣ ፖሊስ ስለሆነች ሰው ፊት መሸነፍ አትወድም። ለኔ ደረቅ ለቅሶ እንዳታለቅስልኝ። በሩም ሰማያዊ ነው።›»

ከዚያ እናቴ በእንባዋ መሀል ሳቀች። እየሳቀች «አረንጓዴ ነው!» ብላ ጮኸችበት፣ መላኩ ላይ፣ እሱ መክሊት የሆነ ይመስል። እንደገናም አለቀሰች። እሱም ስትገፋው ሳይሸሽ ተንበርክኮ ቆየ።

ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ሦስት ቀን ዝናብ ሸራውን ሲደበድበው ሰው ከውስጥ ተቀመጠ። ደምሰው መጣ፤ እናቴ መጀመሪያ በጥፊ አለችው፣ ቀጥላ አቀፈችው። መላኩ አግዳሚ ወንበር ተሸከመ፣ ከሚገባው ሰው ጃንጥላ ተቀበለ። በመጀመሪያው ቀን አጠገቡ ለመቀመጥ የደፈረ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ናትናኤል ሄደው ተቀመጡና አክስቴ በመጨረሻ ምን በልታ እንደነበር ጠየቁት። በሦስተኛው ቀን ሰው ከብቦት ስለ መክሊት ያወራቸው ነበር። እናቴ ሁሉንም ትሰማለች፤ ታለቅስና ደግሞ ትበላለች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ግን እግሯ አብጧል፤ ትንፋሿም ሲቆራረጥ እሰማዋለሁ። መላኩን ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። እሱም ያየኛል፤ ምንም አይለኝም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ናትናኤል መርቀው ሰው ሊበተን ሲነሳ እናቴ እጇን አነሳች። ያ አደባባይ ላይ የምታነሳው እጅ ነው። ሁሉም ባለበት ቆመ።

«ቁጭ በሉ» አለች። ተቀመጡ። «መላኩ፣ ና ወደዚህ። ሰው ከተሰበሰበ አይቀር የኔንም ንገረኝ።»

«እማዬ!» አልኩ።

«አስካለ፣ ዝም በይ። ይኼ ልጅ በየማለዳው እንነጋገር ሲለኝ የከረመው ለብቻዬ ነው። ለብቻ እንዴት ይሰማል? ወግ አይደለም እንዴ?» ወደ እሱ ዞረች። «አሁን ንገረኝ። ሰው አለኝ።»

መላኩ አግዳሚው መካከል ቆመ። ሹራቡን ቁልቁል ሳብ ሳብ አድርጎ አስተካከለ። «ምሳ በልተዋል?» አላት።

«በልቻለሁ።»

«ወይዘሮ ሳምራዊት፣ ደመራውን ያያሉ። ከመስቀል በኋላ ግን የሉም።»

እናቴ ጥቂት አሰበች። «ባላለቅስ ኖሮስ?»

«እስከ ጥቅምት መጨረሻ።»

«የደሴን የጥቅምት ብርድ ማን ይፈልገዋል?» አለች። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ እሷም ስትስቅ አልቆየችም። እንባዋ መጣ። ለእህቷ ካለቀሰችው የተለየ ነበር፤ ድምፅ የለውም። ተሰብስቦ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚል ጠፋው። ለእንዲህ ያለ ነገር የተለመደ ቃል የለንም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

የተነሱት እማማ ኢክራም ናቸው። በዱላቸው ተደግፈው ሄደው እጇን ያዙ። «አላህ ያጽናሽ ሳምሪዬ» አሏት።

«አሜን» አለች እናቴ።

ከዚያ ጋሽ ናትናኤል ሄዱ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።» «አሜን።» ከዚያ ሰፈሩ ተሰለፈ። አንድ በአንድ እያለፈ፣ እጇን እየያዘ፣ በራሷ ሞት አጽናናት፤ እሷም ለእያንዳንዱ በስሙ እየጠራች አሜን አለች። ደምሰው እግሯ ላይ ወድቆ አነሱት። መላኩም ተሰልፎ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላት። ጉንጩን ዳበሰችውና «አንተንም ልጄ» አለችው።

የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። እጇን ያዝኩት፤ ሞቃት ነበር። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ሲለው ሰምቻለሁ፤ ግን አፌን ስከፍት አልወጣ አለኝ። እናቴ ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችኝና ቀደመችኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ።